ሰርቨሩ ደህና ነበር፦ የአይቲ መዝገባችን የማይነግረን ነገር

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለተራዘመው ድጋፍ ያልተመዘገበ ማሽን አዲስ የደኅንነት ማስተካከያ አያገኝም። ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ደግሞ ለሁሉም አይሆንም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ያስፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው 8ኛው ትውልድና ከዚያ በላይ መሆን አለበት።

ስለዚህ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሦስት ጥያቄ ተደቀነበት። ስንት ማሽን አለን? ስንቱ ይሻገራል? የማይሻገረውስ የትኛውን ሥራ ይዟል?

እዚህ ጅማ የማውቃቸው ቢሮዎች የመጀመሪያውን ይመልሳሉ፤ ንብረት ክፍል መዝገብ አለው። ሁለተኛውን ጊዜ ከሰጧቸው እየዞሩ ያጣራሉ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ «እሱን እንትና ነው የሚያውቀው» ይላሉ። እንትና ደግሞ ወይ ፈቃድ ላይ ነው፣ ወይ ሥራ ቀይሮ አዲስ አበባ ገብቷል።

የሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሚቀመጥበት መዝገብ ሲኤምዲቢ ይባላል፤ የኮንፊገሬሽን ማኔጅመንት ዳታቤዝ ማለት ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ማዘጋጀት ከጀመረው አይቲል ከተባለው የአይቲ አገልግሎት አሠራር ጋር አብሮ ነው ያደገው። ድርጅቶች ውድ ሶፍትዌር ገዝተው እንኳ ብዙ ጊዜ ይከሽፍባቸዋል። የሚከሽፈውም ከግዢው በፊት መወሰን የነበረበት ነገር ሳይወሰን ስለሚቀር ነው፤ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር፣ የገባው ነገር ከምን ጋር ይያያዝ የሚለው።

ሞዴል 19 የማይመልሰው

መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ይገባል፤ ሲወጣ በሞዴል 22 ይወጣል። ጎኑ ላይ ቁጥር ይለጠፍበታል ወይም በማርከር ይጻፍበታል። የወሰደው ሰው ይፈርማል፤ ሲለቅ ክሊራንስ ይጠየቃል። ንብረት እንዳይጠፋ ተብሎ የተዘረጋ አሠራር ነው፤ ለዚያ ሥራ ይበቃል። ዕቃው ማን እጅ እንዳለ ይነግረናል። ዕቃው ቢቆም ማን እንደሚቸገር ግን አይነግረንም።

አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። መብራት በሄደ ቁጥር ካርድ ክፍሉ ይቆማል። ጄኔሬተሩ ይነሣል፣ አምፖሉ ይበራል፣ «ሲስተም የለም» ግን እንዳለ ነው። ሰልፉ እስከ በር ይደርሳል። ሌሊት ከገጠር ተነሥታ የመጣች እናት ልጇን አዝላ ትቆማለች። አይቲው ሮጦ ሰርቨር ክፍል ይገባል። ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ ነው፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው ዕቃ ላይ፤ አልጠፋም። እሱ ግን የሚያደርገው ስለሚያጣ ሪስታርት ያደርገዋል። ዳታቤዙ እስኪነሣ ሌላ ሰዓት ይሄዳል። በመሃል የመብራት ኃይል መስመር ይመለሳል። ሁሉም መሥራት ይጀምራል፤ ሪስታርቱ ያዳነው ይመስላል። በሚቀጥለው ጊዜም ያንኑ ይደግማል።

ችግሩ ያለው ኮሪደር ላይ ነበር። ጣሪያው ሥር፣ አቧራ ለብሳ፣ የኔትወርክ ገመዶችን የምታገናኝ ባለ 8 ፖርት ትንሽ ስዊች አለች። የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተሮች ወደ ሰርቨሩ የሚደርሱት በእሷ በኩል ነው። የተሰካችበት ሶኬት ደግሞ ከጄኔሬተሩ መስመር ውጭ ነው። ጄኔሬተሩ ቢነሣ ባይነሣ ለእሷ ልዩነት የለውም። ንብረት መዝገቡ ላይ ሰርቨሩ አለ፣ ዩፒኤሱም አለ። ስዊቿ በጥቃቅን ወጪ ተገዝታ፣ አንድ ቀን «ለጊዜው» ተብላ የተሰካች ናት። ብትመዘገብ እንኳ መዝገቡ «ስዊች፣ ብዛት 1» ከማለት አያልፍም ነበር። ካርድ ክፍል በእሷ ላይ እንደቆመ፣ እሷም በዚያ ሶኬት ላይ እንደቆመች የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

ያ የአይቲ ባለሙያ ሰነፍ አልነበረም። የሚያነበው ካርታ ስላልነበረው ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው፦ መዝገቡ ዋጋ የሚኖረው በያዘው የዕቃ ብዛት ሳይሆን «ይህ በዚያ ላይ ቆሟል» በሚሉት መስመሮቹ ነው።

ከተሰለፈው ሰው ጀምሩ

መዝገብ ሊያዋቅር የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከታች ይጀምራል። ላፕቶፕ ይቆጥራል፣ ሞኒተር ይቆጥራል፣ ፕሪንተር ይቆጥራል። ቆጥሮ ሲጨርስ መጀመሪያ የቆጠረው ክፍል ተቀያይሯል። ይደክመዋል፤ ፋይሉም እዚያው ይቀራል።

እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ሰው ተሰልፎ ከሚጠብቀው ነገር ጀምሩ። ካርድ ማውጣት፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የተማሪ ምዝገባ፣ ደሞዝ። ለመጀመሪያ ዙር ከሦስት እስከ አምስት አገልግሎት ይበቃል። ከዚያ ከእያንዳንዱ ሥር እየጠየቃችሁ ውረዱ። ይህ አገልግሎት በየትኛው ሶፍትዌር ይሠራል? ሶፍትዌሩ የትኛው ዳታቤዝ ላይ ነው? ዳታቤዙ የትኛው ቨርቹዋል ማሽን (በሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) ላይ፣ ማሽኑ የትኛው ሰርቨር ላይ? ሰርቨሩ በየትኛው ስዊች ይወጣል? ስዊቹ ከየት መብራት ይጠጣል? የኢንተርኔት መስመሩ አንድ ነው ወይስ መጠባበቂያ አለው?

ከዚህ አካባቢ ኑሮ ጋር የሚገናኝ ምሳሌ ልውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ሕግ ቡና ወደ ኅብረቱ የሚያስገባ ነጋዴ ቡናው የበቀለበትን መሬት መገኛ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ደግሞ ዙሪያ ገባው በሙሉ በነጥብ መመዝገብ አለበት። ይህ መረጃ የሚጀምረው ብራስልስ አይደለም። ሊሙ ወይም ጌራ ውስጥ ስልክ ይዞ ማሳ ከሚዞር ወጣት ነው የሚጀምረው። ከዚያ ወደ ኅብረት ሥራ ዩኒየኑ ይመጣል፣ ይጣራል፣ ወደ ገዢው ይላካል።

እንዲህ ያለ አንድ ዩኒየን አገልግሎቱን ከላይ ጽፎ ወደ ታች ቢወርድ ምን ሊያገኝ ይችላል? «የማሳ መገኛ መረጃ ለገዢ መላክ» ከሥሩ አንድ የኤክሴል ፋይልና አንድ የካርታ ሶፍትዌር አሉት። ሁለቱም የሚገኙት አንድ ላፕቶፕ ላይ ነው። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ነው፣ ወደ 11 አይሻገርም። ባክአፑ አንድ ፍላሽ ነው፤ ፍላሹም እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነው። የሺህዎች ገበሬ ገበያ በአንድ ቦርሳ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ንብረት መዝገቡ ላይ ይህ ላፕቶፕ ከጎኑ ካሉት ላፕቶፖች በምንም አይለይም። ከላይ ወደ ታች በወረደው መዝገብ ላይ ግን ሁሉም መስመር እሱ ላይ ሲገጥም በዓይን ይታያል።

ከላይ የጀመረ መዝገብ ሌላም ጥቅም አለው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ የላከው የተበላሸ አፕዴት በዓለም ዙሪያ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ማሽኖችን በአንድ ቀን ጣለ። ብዙዎቹን ማሽኖች አንድ በአንድ በእጅ ማንሣት ነበረባቸው። እንዲህ ባለ ቀን የሚያስጨንቀው የትኛው ማሽን ይቅደም የሚለው ነው። ለዚህ መልስ ያለው አገልግሎቱን ከማሽኑ ጋር ያሰረ መዝገብ ብቻ ነው።

ምን ይግባ፣ ምን ይቅር

መዝገቡ ውስጥ የሚገባ እያንዳንዱ ነገር በሙያው ሲአይ ይባላል፤ ኮንፊገሬሽን አይተም። ሁሉ ነገር ሲአይ አይሆንም። እኔ ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ለብቻው ይለወጣል? ሲበላሽ ከባለቤቱ ሌላ ሰው ይጎዳል? መረጃውን የሚያድስ ሰው አለ? ሦስቱንም ያለፈ ይገባል። ማውስ አይገባም። ራም ለብቻው አይገባም፤ በሰርቨሩ መግለጫ ውስጥ አንድ መስመር ይሆናል። ያቺ የኮሪደር ስዊች ግን ዋጋዋ ትንሽ ቢሆንም በሁለት እግሯ ትገባለች።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሰው ይለሳለሳል። «ለማንኛውም እንመዝግበው» ይላል። ማንም የማያድሰው መረጃ ግን ከስድስት ወር በኋላ ውሸት ነው። ውሸት ያለበትን መዝገብ ደግሞ ሰው አንዴ ከያዘው እውነቱንም ማመን ያቆማል። ስለዚህ ጥልቀት ላይ ቆጠብ በሉ። እርግጥ ነው፣ ጥልቀቱ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሎግፎርጄ በሚባል የጃቫ ላይብረሪ (ሌሎች ሶፍትዌሮች ውስጥ የሚካተት ዝግጁ የፕሮግራም ክፍል) ውስጥ ከባድ ቀዳዳ ይፋ ሲሆን፣ ላይብረሪው በየትኛው ሶፍትዌር ሆድ ውስጥ እንዳለ የማያውቁ ተቋማት ብዙ ተንገላተዋል። ስለዚህ ሕዝብ በቀጥታ ለሚጠቀምባቸው ጥቂት ሶፍትዌሮች ወደ ውስጥ ግቡ፤ ለቀሩት የሶፍትዌሩ ስምና ቨርዥኑ ይበቃል።

ዓይነቶቹንም አታብዙ። አገልግሎት፣ ሶፍትዌር፣ ዳታቤዝ፣ ሰርቨር፣ የኔትወርክ ዕቃ፣ የኢንተርኔት መስመር፣ የመብራት ምንጭ፣ የተጠቃሚ ማሽን። ለጅማ ስፋት ላለው መሥሪያ ቤት ይህ ለመጀመር በቂ ነው። የውጭ ማኑዋሎች መብራትን ለሕንፃ አስተዳደር ይተዉታል። እኛ ግን መተው የለብንም። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ያለው እዚሁ ዞናችን ውስጥ ነው፤ ሆኖም መብራት ይሄዳል። ክረምት ላይ ነጎድጓዱ ሲጀምር ስዊች ይቃጠላል። ስለዚህ ዩፒኤሱ፣ ስታብላይዘሩ፣ ጄኔሬተሩ፣ የትኛው ሶኬት በየትኛው መስመር እንዳለ ጭምር መግባት አለበት። የዩፒኤሱ ባትሪ የተቀየረበት ቀን ከሰርቨሩ ሞዴል በላይ የሚጠቅምበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዝምድናዎቹን ደግሞ በአራት ግስ ጨርሷቸው። «ላይ ይሠራል»፣ «ያለሱ አይሠራም»፣ «ይገናኛል»፣ «አካሉ ነው»። አቅጣጫው ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ ከሚደገፈው ወደ ደጋፊው። ካርድ ማውጣት ያለ ስዊቿ አይሠራም። ስዊቿ ያለ ሶኬቷ አትሠራም። አንዱ ባለሙያ ከላይ ወደ ታች፣ ሌላው ከታች ወደ ላይ ከጻፈ ካርታው ይምታታል፤ ለማረም ከመጻፍ በላይ ጊዜ ይፈጃል።

ስም፣ ቀን፣ ቦታ

ይህ ክፍል አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ግን መዝገብ የሚሞተው በብዛት እዚህ ነው።

መለያ ቁጥሩ ትርጉም አይኑረው። «ሁለተኛ ፎቅ ፋይናንስ 03» ብላችሁ የሰየማችሁት ማሽን ነገ ወደ ሰው ኃይል ይዛወራል፤ ስሙ ግን ፋይናንስ እያለ ይኖራል። ዝም ብሎ ተራ ቁጥር ስጡት፣ እስኪወገድ አይቀየርም። ቦታው፣ አይፒው (የኔትወርክ አድራሻው)፣ ኃላፊው በየራሳቸው መስመር ይቀመጡ። የንብረት ክፍሉን ተለጣፊ ቁጥርም በአንድ መስመር ያዙት፤ ሁለቱ መዝገቦች የሚገናኙት በእሱ ነው።

ቦታ በነፃ እንዲጻፍ አትፍቀዱ፣ ከዝርዝር ይመረጥ። እዚህ ከተማ አንዱን ክፍል አንዱ በኦሮምኛ፣ ሌላው በአማርኛ፣ ሦስተኛው በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል። በአማርኛው ውስጥ እንኳ አንዱ «ሰርቨር» ሲል ሌላው በንጉሡ ሠ ይጀምረዋል። ኮምፒውተር ሁለቱን ፊደል እንደ አንድ አያይም፤ ፍለጋው ግማሹን ይደብቃል። ጅማ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ካምፓሶቹ የተራራቁ ተቋም ከሆናችሁ ዝርዝሩ ካምፓስ፣ ሕንፃ፣ ክፍል፣ ራክ (የሰርቨር መደርደሪያ) እያለ ይውረድ።

ቀንም እንዲሁ። ቅጹ ላይ «ዋስትናው የሚያልቀው 2018» ተብሎ የተጻፈ ሰርቨር አለ እንበል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ገና ዘንድሮ ነው። በፈረንጆቹ ከሆነ ዋስትናው ካለቀ ከሰባት ዓመት በላይ ሆኖታል። ሁለቱም እምነት የሚጣልባቸው ይመስላሉ፤ ሰርቨሩ የተበላሸ ቀን ነው ልዩነቱ የሚታወቀው። ዳታቤዙ ውስጥ አንድ አቆጣጠር ብቻ ይቀመጥ። አብዛኛው ሶፍትዌር የሚያውቀው የፈረንጁን ስለሆነ እሱን አስቀምጣችሁ ለሰው ስታሳዩ ወደ እኛ ቀይሩት።

ሁኔታውም ይጻፍ። ታዟል፣ ገብቷል፣ በሥራ ላይ ነው፣ ጥገና ላይ ነው፣ ተወግዷል። የተወገደን ሲአይ አትሰርዙ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ኦዲተር ይጠይቃችኋል።

አንድ መስመር ደግሞ ለሕጉ ተዉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ የያዘ ተቋም መረጃው የት እንዳለ የማወቅ ግዴታውን ቸል ሊል አይችልም። «የግል መረጃ ይዟል? የምን?» የሚል መስመር በዳታቤዝና በሶፍትዌር ዓይነቶች ላይ ይኑር። የታካሚ ካርድ ያለበት ማሽን ለጥገና ከቢሮ ሲወጣ ይህ መስመር ነው የሚያስቆመው። ፓስዎርድ ግን በፍጹም እዚህ አይጻፍ። መዝገቡ ራሱ ለሌባ ካርታ ስለሆነ ማን እንደሚያየው ይወሰን።

ማን ያድሰው?

ሶፍትዌሩን በተመለከተ ብዙ አልልም። ጂኤልፒአይና አይቶፕ በነፃ የሚገኙ ክፍት ሶፍትዌሮች ናቸው፣ ዝምድናም ይይዛሉ። ለኔትወርክ ብቻ ከሆነ ኔትቦክስ አለ። በኤክሴል መጀመርም ነውር የለውም፤ ዝምድናው ሲበዛ ራሱ ያስቸግራችሁና ትወጣላችሁ። ኔትወርኩን እየዞረ ማሽን የሚያገኝ ስካነርም ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የራሷ አይፒ የሌላትን ያቺን የኮሪደር ስዊች አያያትም። ጄኔሬተሩንም አያይም። በእግር ዞሮ፣ ገመድ ተከትሎ የሚያይ ሰው የግድ ነው።

የማደሱ ሥራ ግን በዘመቻ አይሆንም። እዚህ አይቲ ክፍል ሥራ የሚመጣው በስልክና በቴሌግራም ነው። «ወንድሜ፣ ፕሪንተሩ አልታዘዝ አለኝ፤ እባክህ ብቅ በልልኝ።» ወንድምየው ይሄዳል፣ ገመድ ይነቅላል፣ ሌላ ቦታ ይሰካል፣ ያመሰግኑታል። መዝገቡ ግን የሚያውቀው የድሮውን ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ውለታ ሲጠራቀም ነው ካርታው ከመሬቱ የሚለየው። ስለዚህ አንድ ደንብ ይበቃል፦ የነካው ያድሰዋል፣ ሳይታደስ ሥራው እንደተጠናቀቀ አይቆጠርም። ማደሱ ከሁለት ደቂቃ በላይ የሚወስድ ከሆነ ማንም አያደርገውም። ለዚህ ነው ቀደም ብዬ ጥልቀት ላይ ቆጠብ በሉ ያልኩት።

እያንዳንዱ አገልግሎት ደግሞ ከአይቲ ክፍል ውጭ አንድ ባለቤት ይኑረው። ለካርድ ማውጣት የካርድ ክፍሉ ኃላፊ፣ ለደሞዝ የፋይናንስ ኃላፊዋ። አይቲው ገመዱን ያውቃል፤ አገልግሎቱ ለስንት ሰዓት ቢቆም ሰው እንደሚጎዳ የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው። ያ ሰዓት መዝገቡ ላይ ይጻፍ። አለቃ ዘንድ ለአንድ ትንሽ ዩፒኤስ በጀት ሲጠየቅ «ሦስት ሺህ ብር የማትሞላ ስዊች ስትጠፋ ካርድ ክፍል ይቆማል» የሚለው መስመር ከማንኛውም ልመና ይሻላል። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ መለዋወጫ ቢያንስ የአንድ ቀን መንገድ ለሚጠብቅ ከተማ ደግሞ የትኛው ዕቃ መጠባበቂያ ይፈልጋል የሚለውም ከዚሁ ካርታ ይወጣል፤ ብዙ መስመር የሚገጥምበት ዕቃ ትርፍ ይገዛለታል።

በየወሩ ጥቂት ሲአይ በዕጣ አውጡና ቦታው ድረስ ሄዳችሁ አመሳክሩ። አሥር ካወጣችሁ ሦስቱ ከተሳሳቱ ሰው አትቆጡ። የትኛው መስመር እንደሚሳሳት ብቻ እዩ። ሁልጊዜ የሚሳሳተው አንድ መስመር ከሆነ ወይ አታድሱትም ማለት ነው ወይ አያስፈልጋችሁም፤ አውጡት።

በመጨረሻ፣ መዝገቡ ራሱ ሲአይ ነው። የሚሠራው ሰርቨር ላይ ነው፤ ሰርቨሩም እንደሌላው ሁሉ በመብራትና በስዊች ላይ ቆሟል። ሁሉ ነገር የወደቀ ቀን እሱም አብሮ ይወድቃል፤ የምትፈልጉት ግን ያን ቀን ነው። ስለዚህ የዋና ዋናዎቹ አገልግሎቶች ካርታ በየወሩ መጨረሻ በወረቀት ይታተም። አንዱ ቅጂ በአይቲ ክፍል፣ አንዱ በኃላፊው መሳቢያ ተቆልፎ ይቀመጥ። ወረቀቱ ላይ የታተመበት ቀን ይጻፍ፤ አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይቀደድ።